ከጥያቄው ቀድሞ የመጣው መልስ

እስቲ መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ፣ ካላወቃችሁኝ ይቺ ሴትዮ ጠንቋይ ቤት ስትመላለስ አእምሮዋ የተነካ ነው ትሉኛላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ ነው፣ ሙያዬ አዋላጅነት ነው፣ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው፣ ጥላ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት «ነገር ይታይበታል» ተብሎ ተከራይ አጥቶ ተዘግቶ ሲቀመጥ፣ ደጃፉ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ለፈተና የማጠናው እኔ ነበርኩ፣ ሰው ስለማይጠጋው ጸጥ ይላላ! እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለቱን ነገር ግን እስከ ዛሬ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፣ እናንተም ሰምታችሁ ስም ካገኛችሁለት ንገሩኝ።

ጊዜው ኢሕአዴግ ነው፣ የመንግሥት ትልቁ ጉዳይ እናቶች ቤታቸው እንዳይወልዱ በሆነበት ዘመን፣ አንድ ለአምስት የተደራጁ ሴቶች በየመንደሩ ነፍሰ ጡር እየፈለጉ ጤና ጣቢያ የሚያመጡበት ጊዜ ማለት ነው። እኛ ደግሞ የሚድዋይፍ ተማሪዎች ነን፣ ሐምሌ ላይ ለተግባር ልምምድ በየገጠሩ ስንበተን እኔና ሰይድ የሚባል የክፍሌ ልጅ ከላሊበላ በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወስደው በኩል ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ደረሰችን። ሰይድ የሐይቅ ልጅ ነው፣ ሙቀት የለመደ፣ ገና ከመኪና ሲወርድ ጉሙን አይቶ «መቅዲ፣ ወላሂ እዚህ አገር ሰማዩ መሬት ላይ ወድቋል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ጉሙ ከገብሱ ማሳ ላይ ተነስቶ ጓዳችን ድረስ ይገባ ነበር።

ጤና ጣቢያዋ ውስጥ ያለችው አዋላጅ ሲስተር አበባ ብቻ ናት፣ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ስትቆጣም የምትስቅ ሴት። ኮሌጃችን እንደዚህ ዓይነት ቦታ መምህር ይዞ መዞር ስለማይችል፣ ያን ዓመት አንድ ፕሮጀክት አግኝቶ ለእያንዳንዳችን ስማርት ስልክ ሰጠን። ስልኩ ውስጥ ትምህርቱ በቪዲዮ ተጭኗል፣ የሕፃን ትንፋሽ ማስጀመሩ፣ የደም መፍሰስ ማስቆሙ፣ ሁሉም። ደግሞ ሥራ ላይ ጥያቄ ሲገጥመን በድምፃችን ቀድተን እናስቀምጣለን፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ስልኩ ራሱ ለመምህራችን ይልከዋል፣ ቲቸር ሰለሞንም በድምፃቸው ይመልሱልናል። ቲቸር ሰለሞን ለስለስ ያሉ፣ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ናቸው፣ ተማሪ ሲሳሳት እንኳ «ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ትክክለኛውን እንየው» የሚሉ።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ጭራሽ የለም፣ ለማግኘት ከኋላችን ያለውን ዳገት መውጣት ነው፣ አናቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ያገሩ ሰው ጂዳና ቤሩት የሄዱ ልጆቹን የሚያናግረው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። እኛም ሥራ ቀለል ሲል እንወጣና ስልኮቻችንን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠን፣ ጥያቄያችን ሄዶ መልሳችን እስኪመጣ ቆሎ እየቆረጠምን እንጠብቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ወጣን። የሰይድ ስልክ መልስ አመጣለት፣ ስለ ደም ግፊት ነበር የጠየቀው። የእኔም ጮኸ፣ ደነቅ አለኝ፣ ምክንያቱም ያን ሰሞን ምንም አልጠየቅኩም። ከፈትኩት። የቲቸር ሰለሞን ድምፅ ነው፣ ግን የወትሮው ልስላሴ የለውም፣ ይቸኩላሉ።

«መቅደስ፣ መርፌውን እንዳትወጊ! ሁለተኛው ሳይወጣ የማህፀን ማኮማተሪያ ከተሰጠ እናቱንም ልጁንም ታጫቸዋለሽ። ውሃው ካልፈሰሰ ምጡ ጋብ ሲልላት በሁለት እጅሽ ከውጭ ቀስ እያልሽ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዙሪው፣ ሰይድ ከጎንና ከጎን ደግፎ ይያዝልሽ፣ እስኪወርድ አይልቀቅ። አይዞሽ፣ ትችያለሽ።»

እኔና ሰይድ ተያየን። «ለሌላ መቅደስ የተላከ ነው» አልኩት። «ሰይድ ብለዋል እኮ» አለኝ። የላክኋቸው መልእክቶች የሚቀመጡበትን ስከፍት፣ ከበላዩ አንድ የማላውቀው አለ፣ ከእኔ ስልክ የሄደ። ተጫንኩት።

ድምፁ የእኔ ነው። የራሱን ድምፅ ተቀድቶ የሰማ ሰው ያውቀዋል፣ ትንሽ ይደነግጣል፣ ያሳፍራል፣ ግን አይሳሳተውም። እያለከለክሁ «ቲቸር፣ መቅደስ ነኝ፣ የመጀመሪያው ወጥቷል፣ ሆዷ ግን አልጎደለም፣ ሁለተኛ አለ፣ አግድም ነው የተኛው፣ ጭንቅላቱ በግራ ጎኗ ነው፣ ሲስተር አበባ የለችም፣ ምን ላድርግ?» እላለሁ። ከድምፄ ኋላ አንድ የሚያስገመግም ነገር አለ፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚዘረግፉት ያለ። በመሃሉ የአንዲት አሮጊት ድምፅ «አይዞሽ ጥሩዬ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ይላል። ከዚያ ይቋረጣል።

ጉሙ እግራችን ሥር ደርሶ ነበር። ወደ ሰይድ ዞር ብዬ «አንተ ነህ አይደል? ድምፅ የሚቀይር ነገር ጭነህ ነው?» አልኩት። ሲስቅ እጠብቃለሁ፣ ቢስቅልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ቆሎውን እፍኙ ውስጥ እንደያዘ «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው» አለኝ። ቲቸር ዘንድ ልደውል ብል ኔትወርኩ ጠፋ፣ ድንጋዩ ላይ ቆምን፣ ክንዳችንን ወደ ላይ ዘረጋን፣ አልመጣም፣ ጉም ሲወርድ እንዲህ ያደርገዋል።

ማታውኑ ለሲስተር አበባ አሰማናት። መጨረሻ ድረስ ሰማችውና ሳቀች። «ኔትወርኩ ነው ያበደው። የሌላ ተማሪ ጥያቄ ካንቺ ጋር ተጋጭቶ ይሆናላ።» ድምፄስ ብላት «ሁላችሁም የተጨነቀ ተማሪ ድምፅ ነው ያላችሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ይህ አባባል ደግ ሆነልኝ፣ ያዝኩት፣ ተኛሁበት።

በማግስቱ ጠዋት ደም የሚፈሳት እናት መጣችና ሲስተር አበባ በአምቡላንስ ይዛት ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ወረደች። ስትሄድ በመስኮት ብቅ ብላ «ቶሎ እመለሳለሁ፣ ከባድ ከመጣ ወዲያው ላኩ» አለችን፣ በምን እንደምንልክ ግን እሷም እኛም አላሰብንበትም፣ ያለን አምቡላንስ እሱው አንዱ ነው። ከሰዓት ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆመ። የግቢው በር የት እንዳለ የማይታይበት ሰዓት ላይ የሰው ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ወጡ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ምጥ የያዛት ልጅ እግር ሴት ናት፣ ከጎኗ አማቷ እጇን ይዘው ይራመዳሉ፣ እመት ብርነሽ ይባላሉ፣ ቀጭን፣ ረጅም አሮጊት ናቸው።

«ክትትል ታደርግ ነበር እናቴ?» አልኳቸው።

«የት አባቷ ታደርጋለች ልጄ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነን፣ ክረምት ከገባ ማን ያሻግረናል፣ ዛሬም ወንዱ ሁሉ ተረባርቦ ነው።»

«ስሟ ማነው?»

«ጥሩዬ።»

ሰይድ ሰማ፣ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ለራሴ፣ መቅደስ፣ በዚህ አገር ጥሩዬ የሚባል ሴት በየቤቱ አለ አልኩ። ማዋለጃው አልጋ ላይ ካወጣናት በኋላ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጌ የልጅ ልብ ፈለግሁ። አንዱን አገኘሁት፣ ጥሩ ይመታል። ሌላ ፈለግሁ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ ሆዷ ከምጡ የተነሳ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር፣ ሌላ ልብ አላገኘሁም። አንድ ብቻ! እንዴት ቀለል እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፣ ለሰይድ «አንድ ነው፣ አንድ ብቻ ነው» አልኩት፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ልጁ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ወንድ ነው፣ ትንሽ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ አሸት አሸት አድርጌ ሳደርቀው ጮኸ፣ እመት ብርነሽ እልል አሉ፣ ሰይድ እንደተማርነው መርፌውን ስቦ አዘጋጅቶ የጥሩዬን ጭን በጥጥ ጠረገ። ሁሉም ነገር ልክ እንደ ቪዲዮው እየሄደ ነው። እኔ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ ሳደርግ፣ ያን ጊዜ ነው በረዶው የወረደው።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ብያችኋለሁ? ቆርቆሮ ነው፣ በረዶው ሲመታው ቤቱ ሁሉ አስገመገመ። ያን ድምፅ ትናንት ሰምቼዋለሁ፣ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ከስልኬ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ መጠኑ ራሱ፣ አወራረዱ ራሱ። «ሰይድ አቁም!» ብዬ ስጮህ መርፌው ቆዳዋን ሊነካ ነበር። እጄን ሆዷ ላይ አሳረፍኩ። ሆዷ አልጎደለም። ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር በቀስታ ተላወሰ፣ በግራ ጎኗ በኩል ክብና ጠንካራ የሆነ ነገር ዳሰስኩ።

አሁን የምነግራችሁን እመኑኝ፣ አፌ በራሱ መናገር ጀመረ። «የመጀመሪያው ወጥቷል፣ ሆዷ ግን አልጎደለም፣ ሁለተኛ አለ...» እያልኩ ነው፣ ግማሹ ላይ ስደርስ ነው ምን እያልኩ እንደሆነ የገባኝ። ቃሉን ልለውጠው ፈለግሁ፣ ሌላ ነገር ልናገር፣ ዝም ልበል፣ እምቢ አለኝ፣ ምላሴ በራሱ መንገድ ሄዶ «ምን ላድርግ?» ላይ ደርሶ ቆመ። እመት ብርነሽም ጎንበስ ብለው «አይዞሽ ጥሩዬ፣ ማርያም ትቅረብሽ» አሉ።

መጀመሪያ የተናገረ ሰይድ ነው። «መልሱ አለን እኮ መቅዲ፣ መልሱ እጃችን ላይ ነው» አለና ስልኬን ከጋውኔ ኪስ አውጥቶ ከፈተው፣ መስኮቱ ላይ አቆመው። ቲቸር ሰለሞን በበረዶው ድምፅ መሃል «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» ይሉኛል። መርፌውን አስቀመጥን። ምጡ ጋብ ሲል በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ቀስ ብዬ ገፋሁ፣ እንደገና ቆየሁ፣ እንደገና ገፋሁ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ጥሩዬ እጄን አይታ «ሞትኩ?» አለችኝ፣ «አልሞትሽም» አልኳት፣ ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እግዜር ይወቀው። ሰይድ ከሁለት ጎን ደግፎ ያዘ። ድንገት ከእጄ ሥር እንደ ዓሣ ተገለበጠና ወደ ታች ገባ።

ሴት ልጅ ነች። ትንሽዬ፣ ከወንድሟ ያነሰች፣ ከእሱ ግን ይልቅ የምትጮህ። ጥሩዬ ሆድ ውስጥ ሌላ እንደሌለ ደጋግሜ ዳስሼ መርፌውን ወጋናት፣ የእንግዴ ልጁ በደህና ወጣ፣ ደሟ ቆመ። እመት ብርነሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ጉልበቴን ሲስሙ አለቀስኩ፣ በረንዳው ላይ የተኮማተሩት ወንዶች ደግሞ መንታ መሆኑን ሲሰሙ በረዶው ውስጥ ወጥተው ይጨፍሩ ጀመር። ያን ያህል ደስታ ነበር፣ እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ስልኩን አየዋለሁ።

«ስታወሪ ቀድተሽ ነበር?» አለኝ ሰይድ።

«ኪሴ ውስጥ አልነበረም እንዴ? ማን ይቀዳል?»

የላክኋቸውን ከፈትን። የእኔ መልእክት የለም፣ ከቦታው ጠፍቷል። የቲቸር መልስ ብቻ ቀርቷል።

ሲስተር አበባ አመሻሹ ላይ ስትመለስ ዓይኗ መንታዎቹ ላይ ቀረ፣ ያን ዕለት አልሳቀችም፣ «ሂዱ፣ መምህራችሁን አናግሩ፣ እኔ እዚህ አለሁ» አለችን። በረዶው ጉሙን ጠርጎት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ድንጋዩ ላይ እንደደረስን ደወልኩ፣ ቲቸር ሰለሞን ገና ሳይጠራ አነሱት።

«መቅደስ! ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ! ሴትዮዋ ተረፈች?»

«ተርፋለች ቲቸር፣ ሁለቱም ልጆች ደህና ናቸው። ግን ቲቸር፣ የወለደችው ዛሬ ነው፣ አሁን ከሰዓት።»

«ምን ማለትሽ ነው፣ መልእክቱ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው፣ ሌሊቱን አልተኛሁም እኮ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሺ። ያኛውስ?»

«የትኛው ያኛው?»

«ዛሬ ጠዋት የላክሽው።»

ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጌው ስለነበር ሰይድም ሰማ፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ጠዋት ምንም አልላክሁም፣ ጠዋት ሲስተር አበባን እየሸኘሁ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መቅደስ፣ እያለቀስሽ ነበር። ስለ አንዲት እናት ነው የነገርሽኝ፣ ምን ምን እንዳደረግሽላት ሁሉ በተርታ ነገርሽኝ፣ ስሟንም ጠርተሻል፣ ነፋስ ነበር፣ ስሙን አልሰማሁትም። መጨረሻ ላይ ‹ሁሉንም አደረግሁ ቲቸር፣ ሁሉንም አደረግሁ› ትያለሽ። ድምፅሽ ደግሞ ጎርነን ብሏል። ትልቅ ሴት ነው የመሰልሽኝ፣ ጉንፋን ይዟት ነው ብዬ ተውኩት።»

እንደገና ከፍተው ያሰሙኝ ዘንድ ለመንኳቸው። ሲፈልጉ ይሰማኛል፣ ጣታቸው መስታወቱን ሲመታ ሁሉ ይሰማኛል። የለም። እሳቸው ጋም ጠፍቷል። በዚያው ቅጽበት ግን ስልኬ ጮኸ፣ ጠዋት የሰጡት መልስ ወረደ። ሰይድ «አትክፈቺው» አለኝ፣ «ወላሂ አትክፈቺው መቅዲ።» ከፈትኩት።

«መቅደስ፣ የነገርሽኝን ሁሉ ሰማሁት። ያጓደልሽው ነገር የለም፣ እኔም ብሆን ከዚያ የተለየ አላደርግም ነበር። በአንቺ ጥፋት አይደለም የሄደችው። አሁን እጅሽን ታጠቢና ቁጭ በይ።»

ይኸው ነው። ልምምዱን ጨርሰን ተመለስን፣ ስልኮቹን ኮሌጁ ሰበሰበ፣ ተመረቅን። ሰይድ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላዋለደም፣ ዛሬ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት አለው፣ ስንደዋወል ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ እናወራለን፣ ስለዚያ ቀን አናነሳም። ቲቸር ሰለሞን ጡረታ ወጥተዋል፣ ለበዓል እደውልላቸዋለሁ፣ ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ «ገና ነው?» ይሉኛል። «ገና ነው ቲቸር» እላቸዋለሁ። ሌላ ነገር አንጨምርም።

እኔ እስከ ዛሬ አዋልዳለሁ። ነፋስ ያለበት አገር አልመደብም ብዬ ብዙ ተከራክሬ ቆላ ወርጄ ነበር፣ ለካ ነፋስ የሌለበት አገር የለም። የሥራ ባልደረቦቼ «ሪፈር መቅደስ» ይሉኛል፣ ትንሽ ነገር ካየሁ ወደ ሆስፒታል ስለምልክ፣ ሁለት ጊዜ የሚለካውን አራት ጊዜ ስለምለካ። ጎበዝ ነች ይሉኛል፣ ሽልማትም ሰጥተውኛል። ማንም የማያውቀው፣ ለእናንተ የምነግራችሁ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ያ «ያጓደልሽው ነገር የለም» የሚለው ቃል የሚያጽናና ቃል አይደለም። እየተጠነቀቅሁ ልሸሸው ብል፣ መልእክቱ ላይ ያለችው ሴት እኮ ሁሉንም ያደረገችው ናት፣ ጥንቃቄዬ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚወስደኝ። ታዲያ አንዳንዴ አንድ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፣ አንዲት ነገር፣ አንዲት ትንሽ ነገር ሆን ብዬ ብተው፣ ያንን መልእክት መላክ አልችልም፣ «ሁሉንም አደረግሁ» ማለት አልችልም፣ እንግዲያ አይሆንም ማለት ነው። ሎቱ ስብሐት! እንዲህ ያስባል ሰው?

በቀደም ዕለት አንዲት እናት አምጣ መጣች፣ ቆንጆ፣ ሳቂታ፣ ከባልዋ ጋር ስትቀላለድ የገባች። ጓንቴን አጥልቄ እጄን ሆዷ ላይ ላሳርፍ ስል ያ ሐሳብ መጣብኝ፣ ውጭ ነፋሱ ዛፉን እያወዛወዘው ነው፣ እጄ አየር ላይ ቆመ። እሷም ሳቋን አቁማ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ምነው እህቴ፣ ምን አገኘሽ?» አለችኝ።